ከሞዴል ባቡሩ ጀርባ ያለው ሰማይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቤቱ ውስጥ ሞዴል ባቡር የሚገጣጥም ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚያፈሰው ሐዲዱና ፉርጎው ላይ ነው። ከኋላ የሚቆመው፣ ሰማዩና ተራራው የሚሳልበት የጀርባ ሥዕል ይረሳል። ሲታወስም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ግምት ይሠራል።

«ጌጥ ነው፤ በመጨረሻ ይደርሳል»

አይደርስም። ሐዲዱ ከተነጠፈ፣ ቤቱና ዛፉ ከቆመ በኋላ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶ ግድግዳ መቀባት ወገብ ይቆርጣል። ክርን የነካው ዛፍም አይተርፍም። መጀመሪያ ሰማዩ፣ ከዚያ ሐዲዱ።

ጌጥም አይደለም። ሒሳቡን እንየው። በብዛት የሚሠራበት ኤች ኦ የሚባለው መጠን 1 ለ 87 ነው፤ ሞዴሉ ላይ 1 ሜትር የሆነው በእውነተኛው ዓለም 87 ሜትር ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠረጴዛ በእውነተኛው ዓለም 78 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። 1 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ኮረብታ በዚሁ መጠን ይቀመጥ ቢባል 11 ሜትር ተኩል ቦታ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሳሎን ማን አለው? ርቀቱን የሚያመጣው ሥዕሉ ነው።

«ሰማይ ሰማያዊ ነው፤ አንድ ጋሎን ቀለም ይበቃል»

ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ከአናት በላይ ያለው ጠቆር ይላል፤ ወደ አድማሱ ሲወርድ እየነጣ ይሄዳል። ስለዚህ ነጭም ያስፈልጋል። ከላይ በሰማያዊው ይጀመርና ወደ ታች ነጩ እየተጨመረ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ በሰፊ ብሩሽ ወደ ጎን ይዋሃዳል። ከደረቀ መስመር ይዞ ይቀራል። አንዱ ሲቀባ ሌላው ቢያዋህድ ይሻላል። የሚያብረቀርቅ ቀለም ግን በፍጹም! አምፖሉ ሰማዩ ላይ ቁጭ ይላል።

«ሥዕል የማይችል ሰው አይሞክረው»

እንዲያውም የሚያበላሹት ሥዕል የሚችሉት ናቸው። የሩቁን ደን ቅጠል በቅጠል ይስሉታል። በመሃል ያለው አየር ብርሃን ስለሚበትን የራቀ ነገር ይደበዝዛል፣ ወደ ሰማያዊም ያደላል። ዝቋላ ደን ያለው ተራራ ነው፤ ጥርት ባለ ቀን ከአዲስ አበባ ሲታይ ግን ማን አረንጓዴ ይለዋል? የመጨረሻውን የተራራ ረድፍ ከሰማዩ ቀለም ጋር ቀላቅሎ መቀባት ነው። ወደፊት በመጣ ቁጥር አረንጓዴውንና ቡናማውን ማጠንከር። ሦስት ረድፍ ይበቃል።

«የክፍሉ ማዕዘን እንዳለ ቢቀር ምን አለበት?»

ሰማይ ማዕዘን የለውም። 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ጎበጥ ተደርጎ ማዕዘኑን ሲሸፍን ጥላው ይጠፋል። ጣውላው በአንድ አቅጣጫ ይታጠፋል፣ በሌላው እምቢ ይላል፤ ከመቁረጥ በፊት መሞከር ነው። መጋጠሚያው በስቱኮ ቢደፈንም እንጨት በእርጥበት ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ዛፍ ወይም ሕንፃ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ይዋል።

«ፎቶ አሳትሞ መለጠፍ ሁሌም ይበልጣል»

ጥሩ ፎቶ ያምራል። ግን የፎቶው ፀሐይ ከግራ፣ የክፍሉ መብራት ከቀኝ ሲሆን ዓይን ወዲያው ይነቃል። አድማሱም በተመልካቹ ዓይን ከፍታ አካባቢ መሆን አለበት፤ በጣም ዝቅ ካለ መሬቱ ከሥዕሉ ጋር አይገጥምም።

«መንገዱን ግድግዳው ላይ ማስቀጠል ነው»

ከአንድ ቦታ ሲያዩት ይገጥማል። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ ይሰበራል። መንገዱ ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ከሕንፃ ጀርባ ይጠምዘዝ፣ ወይም ጉብታ ወጥቶ ይሰወር።

ሌላው መላ መንገዱ ግድግዳው ጋ ሲደርስ መስታወት ማቆም ነው፤ መንገዱ የቀጠለ ይመስላል። በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ «ጎሬ ኤንድ ዳፌቲድ» የተባለውን ዝነኛ ሞዴል የሠራው ጆን አለን ተጠቅሞበታል። ፎቶ አንሺ ስለነበር ዓይን እንዴት እንደሚታለል ያውቅ ነበር። የመስታወቱ ጠርዝ በድልድይ ወይም በግንብ ይሸፈን። ፊት ለፊቱ ጽሑፍ ያለበት ታፔላም አይቁም፤ ተገልብጦ ይነበባል።