ላም መኖ ላይ የሚጨመር ቅጠልና ቅመም፦ ከሐረር ደጅ

ሐረር ላይ የምትታለብ ላም ምን ትበላለች? እንደ ወቅቱና እንደ ሰፈሩ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ዋናው የማሽላ አገዳ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጥቅጥቅ አድርጎ ይዘራል፤ ከዚያ እያሳሳ የነቀለውን ለከብቱ ያቀርባል። የሐረር ሰንጋ ስሙ የገነነው በዚሁ ደጅ ላይ አስሮ በእጅ በማብላት ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) እና የቢራ ፋብሪካ የገብስ አተላ አለ። አተላው ጥሩ መኖ ነው፤ ግን እርጥብ ስለሆነ ሙቀት ላይ ቶሎ ይሻግታል። ገራባም አለ። ጫቱ ተቀንጥቦ ሲያበቃ የሚተርፈው ጠንካራ ቅጠልና እንጨት ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ የሐረር ፍየሎች የሚጠብቁት እሱን ነው፤ ላሞችም ይደርሳቸዋል። ጫት ላይ ፀረ ተባይ እንደሚረጭ ግን መርሳት የለብንም። ላሟ የበላችው ወደ ወተቱ ሊያልፍ ይችላል።

ስለ ቅጠላ ቅጠል ከማውራቴ በፊት ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። አብሹም ነጭ ሽንኩርቱም ለላም ቅመም ነው። ወጥ ሳይኖር ቅመም ምን ያደርጋል?

ላም አገዳውን የምትፈጨው ብቻዋን አይደለም። ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን አሉ፤ ገለባውን የሚሰባብሩት እነሱ ናቸው። እነሱም ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ ሥራቸው ይቀዘቅዛል። የደረቀ የማሽላ አገዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ላሟ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። ይህቺን ላም የሚያነሳት ፋጉሎ ነው፤ ወይም እንደ አልፋልፋ፣ ሰስባንያና ሉኪኒያ ያሉ ፕሮቲን ያላቸው የመኖ ተክሎች።

ከቅጠሎቹ ሁሉ ሽፈራው ለየት ይላል። መነሻው ደቡብ ኢትዮጵያ ነው፤ ኮንሶዎች በማሳቸው አልምተው ይመገቡታል። ሙቀት ይወዳል። ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ድሬዳዋ ከሐረር ደጋማ አየር የበለጠ ትመቸዋለች። ከደረቀው ቅጠል ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሰው እንደ መድኃኒት ቢያየውም፣ ለላም ስሰጠው እኔ ከመኖ ነው የምቆጥረው።

አብሽ ሌላው ነው። ለአራስ እናት ወተት ያመጣል ተብሎ ስለሚሰጥ ለላምም ይሰጣል። ይዘፈዘፋል ወይም ይቀቀላል፣ ከፉርሽካ ጋር ይለወሳል። በምርምር ሲሞከር ውጤቱ ወጥ አይደለም፤ አንዳንዱ ሙከራ ወተት ጨመረ ይላል፣ ሌላው ለውጥ አላየም። የማያከራክረው ነገር ሽታው ነው። አብሽ ወተቱ ላይ ይሸታል። ነጭ ሽንኩርትማ ከዚያ ይብሳል። አንድ ጊዜ ላሚቱ ሆዷ ተነፍቶባት ነጭ ሽንኩርት ከሰጠናት በኋላ ታልቦ የመጣውን ወተት ሻይ ውስጥ ጨምሬ ነበር። የሚጥሚጣ ፍርፍር ብቻ ነው የቀረው! ሽታ ያለውን ነገር ከመታለቧ በፊት አይስጧት፤ ከታለበች በኋላ ይሻላል።

ፌጦ፣ ጤና አዳምና ጥቁር አዝሙድም በየቤቱ አሉ። ለሆድ መነፋትና ለምግብ እምቢታ ይታዘዛሉ። ጤና አዳም ግን ለእርጉዝ ላም አይሰጥም፤ ሊያስወርዳት ይችላል። ኮሶም እንዲሁ። ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ የኮሶ ትልን ለማስወጣት ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው፤ ሥራ አላቸው። ችግሩ ልኬቱ ነው። በእፍኝ የሚለካ መድኃኒት እንደ እፍኙ ይለያያል። የኮሶ ብዛት ይመርዛል።

በዓለም ገበያ ቅጠልና ቅመም መኖ ላይ መጨመሩ የተሟሟቀበት ምክንያት ሌላ ነው። ድሮ ከብት ቶሎ እንዲያድግ አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር ይቀላቀል ነበር። ጀርሞቹ መድኃኒቱን እየለመዱት ስለመጡ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ለዕድገት ብሎ መስጠቱን ሙሉ በሙሉ ከለከለ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ተክል አዞሩ። የነጭ ሽንኩርትና የጦስኝ ዘይት ጨጓራ ውስጥ ያሉትን ተህዋስያን ሚዛን ይለውጣል። ታኒን የሚባለው፣ አፍ የሚያኮማትረው ነገር፣ በመጠኑ ሲሆን ፕሮቲኑ ጨጓራ ውስጥ ከመበተን ይተርፋል። ሲበዛ ላሟ መኖውን ትጠላዋለች። ታሽጎ የሚሸጠው ዱቄትና ፈሳሽ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ይዘቱ ያልተጻፈበትን አልገዛም። የመኖውን ፕሮቲን ማወቅ የፈለገ ሰው ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቢጠይቅ ሩቅ አይሆንም።

ጥጃ ላይ ቅጠል ባይሞከር ደስ ይለኛል። የጥጃ ዕድገት የሚጀምረው እንገር ላይ ነው። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት እንገር ካልጠባ፣ በሽታ የሚከላከልበትን ጉልበት በኋላ በበቂ ማግኘት ይከብደዋል። አባ ሰንጋ ወይም አፍተግር ሲመጣም ቅጠል አያድንም፤ ለአባ ሰንጋ ክትባት አለው።

ተክል ስለሆነ አይጎዳም የሚል ሰው ሐረርጌን በደንብ አላያትም። ያንኑ ማሽላ እንኳ ገና ለጋ ሳለ ወይም ድርቅ መትቶት እንደገና ሲያቆጠቁጥ ላም ቢግጠው፣ ውስጡ ያለው ሳያናይድ በደቂቃዎች ሊገድላት ይችላል። በደንብ ማድረቅ መርዙን ይቀንሰዋል። ለአጥር የሚተከለው የወፍ ቆሎ ጉበት ይጎዳል፤ የበላች ላም ፀሐይ ሲያገኛት ቆዳዋ ይቆስላል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ፋራምሲሳ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በድሬዳዋና በሐረርጌ የታየ መጤ አረም ነው፤ ሌላ ቦታ ቅንጨ አረም ይሉታል። በጋ ላይ ሣሩ ሲያልቅ መንገድ ዳር አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው እሱ ነው። ላሟ አትወደውም፤ ሲርባት ግን ትበላዋለች። ያኔ ወተቱ ይመራል። ደንበኛዋ ወተት ሻጯን ትወቅሳለች። ሻጯ ዕቃውን አጥባ በወይራ ደግማ ታጥናለች። በማግስቱም ይመራል። መጠየቅ ያለበት ላሟ ትናንት የዋለችበት ሜዳ ነው።