መኪናን የሚያቆመው ፍሬን ብቻ አይደለም

ፍሬን የረገጠ ሰው መኪናውን ያቆመው ፍሬኑ ይመስለዋል። ፍሬን የሚያቆመው ግን ቸርኬውን ነው። መኪናውን የሚያቆመው ጎማው ከአስፋልቱ ጋር የተነካካበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ በአንድ ጎማ የሰው መዳፍ ቢያክል ነው። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ቪትዝ፣ ከነተሳፋሪውና ከነሻንጣው፣ መንገድ የያዘው በአራት መዳፍ ነው። ስለ ፍሬን አያያዝ፣ ስለ መንሸራተትና ስለ ጥንቃቄ አነዳድ የሚወራው ሁሉ ከነዚህ አራት መዳፎች ይነሳል።

ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ መኪናው የሚሄደው ነው። ይህ ለብዙ ሰው 1.5 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 21 ሜትር ማለት ነው፤ ፍሬኑ ገና አልተነካም። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልትና በደህና ጎማ ለመቆም 14 ሜትር ገደማ ይጨመራል። ድምሩ 35 ሜትር። ፍጥነቱ ወደ 100 ሲያድግ ሁለተኛው ክፍል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። 14ቱ ሜትር 56 ይሆንና ጠቅላላው ርቀት ወደ 100 ሜትር ይጠጋል፤ አንድ የኳስ ሜዳ። ስልክ ለማየት ሁለት ሰከንድ አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ፣ በ50 ብቻ እየሄደ፣ 28 ሜትር በጭፍን ይነዳል።

ጎማ ያለው አቅም አንድ ነው። ለመቆምም፣ ለመጠምዘዝም ከዚያው ይቀነሳል። ኩርባ ውስጥ ገብቶ ፍሬን የሚረግጥ ሹፌር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይጠይቀዋል፤ ጎማው አልችልም ሲል መኪናው ይንሸራተታል። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ከኩርባው በፊት ነው። ጨርሶ መሽከርከር ያቆመ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። መሪውን ወደፈለጉበት ቢያዞሩት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ኤቢኤስ የሚባለው የፍሬን መሣሪያ የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ቀርቦ፣ ቀስ በቀስ ወደ ተራው መኪና ወረደ። ጎማው ሊቆም ሲል ፍሬኑን ለቅጽበት ለቆ መልሶ ይይዛል፤ ይህንንም በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል። ሲሠራ ፔዳሉ እግር ስር ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥመኝ መኪናው የተሰበረ መስሎኝ እግሬን አነሳሁ፤ የፊተኛውን መኪና ሳምኩት። መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነበር፦ አጥብቆ መርገጥ፣ አለመልቀቅ፣ በመሪ ማምለጥ። አንድ ነገር ግን ይታወስ። ኤቢኤስ መሪውን ያድናል እንጂ ርቀቱን ሁልጊዜ አያሳጥርም። ኮረኮንች ላይ እንዲያውም ሊያስረዝመው ይችላል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለጎማ ክፉው ቀን የሐምሌ ዶፍ ሳይሆን የመጀመሪያው ካፊያ ነው። በደረቁ ወራት አስፋልቱ ላይ የተንጠባጠበው ዘይትና አቧራ በትንሽ ውሃ ይለወስና ቅባት ይሆናል። ሐምሌ ላይ ያው ታጥቦ ይሄዳል። ክረምቱ ሲገባ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ውሃ ያቆረ መንገድ። የጎማው ጥርስ ሥራው ውሃውን ወደ ጎን መግፋት ነው። ጥርሱ ካለቀ ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ መሪውም ድንገት ባዶ ይሆናል። ብዙ አገሮች የጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ በሕግ ይደነግጋሉ። በዝናብ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ከወረደ ጀምሮ ነው መያዙ የሚቀንሰው። ጎማ ሲገዛ ጎኑ ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞች ማየት ደግ ነው። 2318 የሚል ከሆነ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ፣ የደረቀ ጎማ ሞልቷል።

ቁልቁለት ግን ሌላ ዓለም ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። 40 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ይህንን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከአንድ ሺህ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሹፌሩ ፍሬን ላይ ተኝቶ ከወረደ የሚሄደው ከቸርኬው ጋር ወደሚዞረው ታምቡርና ታምቡሩን ፈትጎ ወደሚያቆመው ሸራ ነው። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ከዚያ ጎማው አካባቢ ይጨሳል። ታምቡሩ በሙቀት ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም መያዙን ያጣል። በአየር የሚሠራ ፍሬን ከሆነ በየደቂቃው መርገጥ አየሩን ይጨርሰዋል። ትናንሾቹ መኪኖች ላይ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ይችላል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ያወጣል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል፤ መኪናው አይቆምም። ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። የሚቀይረው ሰው ግን ስንት ነው?

የድሮ ሹፌሮች ሕግ አጭር ናት፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ከባድ ማርሽ፣ ማለትም አንደኛ ወይም ሁለተኛ፣ ሲገባ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ፍሬኑ የሚረገጠው አልፎ አልፎ ነው፤ ጠበቅ አድርጎ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ለቆ፣ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ሰጥቶ። አውቶማቲክ ከሚነዱም ብዙዎቹ ካምቢዮው ላይ ለዚሁ የሚሆን «ኤል» ወይም «ቢ» የሚል ቦታ አላቸው፤ ብዙዎቹ አንድም ቀን ነክተውት አያውቁም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በዜሮ መውረድ፣ ይባስ ብሎም ሞተር አጥፍቶ መንከባለል የታወቀ ክፉ ልማድ ነው። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው መሣሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ አቅም ያጣል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል። በነገራችን ላይ ይህ መሣሪያ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ያው መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚፈልገው ይልቅ እዚህ ጠንከር ያለ እግር ይፈልጋል።

ቀድሞ አስቦ መንዳት እንደ ትምህርት የተደራጀው አሜሪካ ውስጥ ነው። ሃሮልድ ስሚዝ የተባለ ሰው በ1952 እ.ኤ.አ. የሹፌሮች ማሠልጠኛ አቋቁሞ አምስት ልማዶችን አስተማረ፦ ራቅ አድርጎ ማየት፣ ዙሪያውን ሁሉ መመልከት፣ ዓይንን አንድ ቦታ አለመትከል፣ ማምለጫ ቦታ መተው፣ መታየትን ማረጋገጥ። ናሽናል ሴፍቲ ካውንስል የተባለው የአደጋ መከላከል ድርጅታቸውም በ1964 እ.ኤ.አ. የራሱን ኮርስ ጀመረ።

ከአምስቱ አዲስ አበባ ላይ የሚከብደው ማምለጫ ቦታ መተው ነው። ከፊት መኪና የሦስት ሰከንድ ርቀት ጠብቅ ይላል ትምህርቱ። ክፍተት ሲተው ግን ሚኒባስ ይገባበታል። ይግባ! እሱ ሲገባ የሚጠፋው ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። አሥር ሚኒባስ ቢገባ እንኳ ግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ሚኒባስ ደግሞ ቀድሞ ይታወቃል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገዱን መቃኘት ከጀመረ መኪናው ሊቆም ነው፤ ፍሬቻ መጠበቅ አያስፈልግም። ከቆመ አውቶቡስ ፊት ሰው ብቅ ይላል። ኳስ ወደ መንገድ ከወጣ ልጅ ይከተለዋል። አህያ ደግሞ አይታወቅም።

ከከተማ ውጪ አስፋልት ላይ የተጎዘጎዘ ቅጠል ካየን ከኩርባው ኋላ የተበላሸ መኪና ቆሟል ማለት ነው፤ የሦስት ማዕዘኑን ምልክት የሚተካ የአገር ቋንቋ ነው። ችግሩ ከቅጠሉ ጋር የሚደረደረው ድንጋይ ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ለጎማ ታኮ የተደረገውም እንዲሁ። ማታ በአጭር መብራት ለሚመጣ ሰው ያ ድንጋይ ከ30 ወይም ከ40 ሜትር ወዲያ አይታይም። ከላይ ያልነው የ35 ሜትር ሒሳብ እዚህ ይመጣል፤ በ50 ፍጥነት እንኳ ለጥቂት ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ጎዳናው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። እነዚህ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ሞተራቸው ወደ ጄኔሬተር ተለውጦ መኪናውን ይይዛል፤ ባትሪውንም ይሞላል። ለቁልቁለት ግሩም ነው፤ አንድ ጉድለት ግን አለው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ይህ አያያዝ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። እንጦጦ አናት አጠገብ የሚኖር ሰው ሌሊቱን መቶ በመቶ ሞልቶ ጠዋት ወደ ሽሮ ሜዳ ቢወርድ፣ ትናንት ያለ ፍሬን የወረደውን ቁልቁለት ዛሬ መኪናው ሳይይዝለት ሊያገኘው ይችላል። እዚያ ሰፈር ቻርጁን 90 ላይ ማቆም ይሻላል።