ናርቴክስ ምንድን ነው? ጄሶ አይደለም

«ናርቴክስ የጥንት ግሪኮች ጄሶ ነው፤ ሐኪሙ ሂፖክራተስም የተሰበረ እግር በእንጨት አጥብቆ ያስር ነበር» የሚል አስተያየት ደጋግሞ ይለጠፋል። የመጀመሪያው ስህተት ብቻ ነው። ሁለተኛው እግር ያስቆርጣል።

ናርቴክስ አገዳው ቀላል የሆነ ረጅም ተክል ነው፤ ስሙ ለስብራት መደገፊያ ስንጥርም ዋለ። በጄሶ ዱቄት የተሞላውን ፋሻ ያመጣው ኔዘርላንዳዊው የጦር ሐኪም ማታይሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1851።

በሂፖክራተስ ስም የሚታወቀው «ስለ ስብራት» የተባለው የጥንት ጽሑፍ የሚያዘው እንዲህ ነው። ቅልጥሙ ተጎትቶ አጥንቱ ይስተካከላል፤ ሰምና ዘይት ይቀባል። የመጀመሪያው ፋሻ ከስብራቱ ተነሥቶ ወደ ላይ ይጠመጠማል። ሁለተኛው ከዚያው ይነሣና መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ይመለሳል። ጥብቀቱ ስብራቱ ላይ ይበዛል፣ ወደ ዳር ይቀንሳል። እስካሁን አንድም ስንጥር የለም! የሚገባው እብጠቱ ሲወርድ፣ በ7ኛው ቀን ገደማ ነው። ጽሑፉ ሳይሸፋፍን ይናገራል፦ ስንጥሩ ፋሻውን ሊጠብቅ እንጂ እግሩን ሊጫን አልመጣም።

አጋሰስ የጫነ ሰው ይህ አይጠፋውም። ጠዋት የጠበቀ ጠፍር ጥቂት ከተኬደ በኋላ ይላላል፤ ጭነቱ ቦታውን ይዟልና። ጫኙ ቆም ብሎ ያጠብቀዋል። ፋሻም በሦስተኛው ቀን የሚላላው እብጠቱ ስለወረደ ነው፤ ተፈትቶ በመጠኑ ጠበቅ ተደርጎ ዳግም ይታሰራል። ገና የሚያብጥን እግር ከመነሻው በስንጥር መጠፈር ግን ሆዱን የነፋን በቅሎ አንቆ እንደ መጫን ነው። በቅሎስ ሲብስበት ይተኛል። ቅልጥም ይጠቁራል።

በማግስቱ እግር ጫፍ ላይ ትንሽ፣ ለስላሳ እብጠት ከታየ ጥብቀቱ ልክ ነው፤ ጠንካራ ከሆነ በዝቷል፤ ጭራሽ ከሌለ አንሷል። ይህ የጽሑፉ መለኪያ ነው። ዛሬ ግን ማግስት አይጠበቅም፤ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ሲነቀነቁ ክፉኛ ካመሙ ማሰሪያው ያኔውኑ ይፈታል፣ ሰውየውም ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ጽሑፉ ለቅልጥም መጠገኛ የሰጠው 40 ቀንም ለአዋቂ ሰው ያንሳል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ወር ይፈጃል።

የእግር መዳፍ ትንንሽ አጥንቶች 20 ቀን ተሰጥቷቸዋል፤ ሰዎች ግን ጉዳቱን ንቀው ቀድመው ይነሣሉ፣ ኋላ ሕመሙ ያስታውሳቸዋል ይላል ጽሑፉ። ከከፍታ ዘሎ በተረከዙ ላረፈ 60 ቀን ዕረፍት ይታዘዛል። እዚህ ላይ ፋሻ የሚያጠብቅ ሰው ተረከዙን ሊያጠቁረው ስለሚችል እጁ ይቀልላል፤ እግሩም ከሌላው አካል ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል።