ያልተጠበቁ ከቨሮች፦ የታወቀ ዘፈን ሌላ መልክ ሲይዝ

ከቨር ቀድሞ በሌላ ድምፃዊ ወይም ባንድ የተቀረጸን ዘፈን እንደገና መሥራት ነው። አብዛኛው ከቨር የመጀመሪያውን ቅጂ እግር በእግር ይከተላል። ያልተጠበቀ የሚባለው ግን ዘፈኑን ከተወለደበት ስልት፣ ፍጥነት፣ መሣሪያ ወይም አንደበት አውጥቶ ማንም ወዳላሰበው ቦታ የሚወስደው ነው። በዚህ መንገድ ከተሠሩት ውስጥ ዕድሜ ያገኙት አንድ ጠባይ ይጋራሉ፦ አንዱን ነገር በድፍረት ይቀይራሉ፣ ሌላውን በጥንቃቄ ይጠብቃሉ። ዜማው፣ ግጥሙና ምቱ በአንድ ጊዜ ከተለወጡ አድማጩ የሚያውቀውን ዘፈን ስለማያገኘው ሊገረምም አይችልም።

ሥራው የሚጀምረው ከመሣሪያ ምርጫ አይደለም። ዘፈኑ መጀመሪያ ያለ አጃቢ፣ በጭብጨባ ብቻ ተዘፍኖ ይፈተሻል። ዜማው ራሱን ችሎ ከቆመ ወደየትኛውም ስልት ሊሄድ ይችላል። ሲራቆት የሚተርፈው ሁለት ሦስት ኖታ ብቻ ከሆነ ጉልበቱ በቅንብሩ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ዘፈን በአንድ ጊታር ብቻ መጫወት ባዶነቱን ያጋልጣል።

ፍጥነትን መቀነስ በጣም የተለመደው መንገድ ነው፤ በጣም የሚበላሸውም እሱ ነው። በደቂቃ 120 ምት የሚሄድ የ3 ደቂቃ ዘፈን 360 ምት አለው። ወደ 60 ሲወርድ ያው ዘፈን 6 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ አንድ አንጓ ወይም በመሃል ያለውን የመሣሪያ ጨዋታ መቁረጥ ግድ ይላል። የትንፋሽም ጣጣ አለ። 8 ምት የሚይዝ መስመር 4 ሴኮንድ የነበረው 8 ሴኮንድ ይሆናል፣ ዘፋኙም ቀድሞ ያልነበረ መተንፈሻ መፈለግ አለበት። መተንፈሻው ቃልን ከሁለት የሚሰብር ከሆነ ትርጉሙ አብሮ ይሰበራል። ዝግታ የሚጠቅመው ግጥሙ የተሸከመው ነገር ሲኖር ነው። የእንግሊዙ ባንድ ቲርስ ፎር ፊርስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው «ማድ ወርልድ» በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር ኪቦርድ) እና በፈጣን ምት የታጀበ ስለነበር ሰው እየጨፈረበት የግጥሙን ሐዘን ያልፈው ነበር። ማይክል አንድሩስና ጋሪ ጁልስ ለአንድ የ2001 ፊልም ምቱን አውጥተው በፒያኖ ሲሠሩት ሐዘኑ ብቻውን ወጣ፤ ቅጂው በ2003 የገና ሰሞን በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

የምት አከፋፈልን መለወጥ ከዚህ ይከብዳል። ጆ ኮከር በ1968 የቢትልስን «ዊዝ ኤ ሊትል ሄልፕ ፍሮም ማይ ፍሬንድስ» ከአራት አራተኛ (በአራት በአራት ከሚቆጠር ምት) ወደ ስድስት ስምንተኛ (በስድስት በስድስት ወደሚቆጠር) አዞረው፤ ቀለል ያለው የጓደኛሞች ዘፈን የልመና ጩኸት ሆነ። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው የቃላት አጣጣል ነው። ምቱ ሲቀየር ተራ አያያዥ ቃል የመጀመሪያው ምት ላይ፣ ዋናው ቃል ደግሞ ደካማው ላይ ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው የእያንዳንዱን መስመር ዋና ቃል አስቀድሞ ማስመርና ያ ቃል ጠንካራው ምት ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዜማውን ማስረዘም ወይም ማሳጠር ነው።

ሜጀሩን (ደስታ የሚያሰማውን የኖታ ቅደም ተከተል) ወደ ማይነር (ሐዘን ወደሚያሰማው) ማዞር ደግሞ ሦስተኛውን፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ኖታ በግማሽ ቶን ዝቅ ማድረግ ነው። ሰባተኛው ሁሉም ቦታ ሲወርድ ግን ዜማው ወደ ቤቱ፣ ማለትም ወደ መነሻ ኖታው፣ የሚመለስበት ጉጉት ይላላል፤ ስለዚህ ብዙ አቀናባሪዎች አምስተኛውን ኮርድ (በአምስተኛው ኖታ ላይ የሚቆሙ፣ አብረው የሚሰሙ ኖታዎችን) ሜጀር አድርገው ይተዉታል።

መሣሪያ መቀየር ብቻውን የሚያስገርመው ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅንብሩ ሥራውን መሥራት አለበት። በሄልሲንኪ የሲቤሊየስ አካዳሚ ተማሪዎች የነበሩት የአፖካሊፕቲካ ባንድ አባላት በ1996 የከባድ ሮክ ባንዱን የሜታሊካን ዘፈኖች በአራት ቼሎ (በቀስት የሚጫወቱት ትልቅ ባለክር መሣሪያ) ሲያወጡ የያዘላቸው ነገር አካላዊም ነው፦ የቼሎ ዝቅተኛ ክር 65 ኸርዝ (በሴኮንድ 65 ንዝረት) ገደማ ሲሆን በመደበኛ ቅኝት የተቃኘ የጊታር ዝቅተኛ ክር 82 ኸርዝ ነው። ቼሎ ስለዚህ ከጊታሩም በታች መውረድ ይችላል፤ ቀስቱም ድምፁን ሳያቋርጥ ያስረዝማል። ዘፋኝ የሌለው ከቨር የሚወድቅበት ቦታ ሌላ ነው። አንድ ኖታ ላይ የሚመላለስ ዜማን ሕያው የሚያደርገው የቃላቱ መለዋወጥ ነው፤ ቃላቱ ሲወጡ አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ይቀራል። በየአንጓው ቀስቱን፣ የድምፁን ከፍታ ወይም ተጫዋቹን መለዋወጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ማን ይዘፍነዋል የሚለው ነው። ኦቲስ ሬዲንግ በ1965 ያወጣው «ሪስፔክት» ወደ ቤቱ የሚመለስ ወንድ ጥያቄ ነበር። አሬታ ፍራንክሊን በ1967 ቃሉን ፊደል በፊደል የሚጠራውን ክፍልና የእህቶቿን ተቀባይ ድምፅ ጨምራ የሴት ጥያቄ አደረገችው። ጆኒ ካሽ በ2002 «ኸርት»ን ሲያወጣ የ70 ዓመት ሰው ነበር፤ የዘፈኑ ደራሲ ትሬንት ሬዝነር ያወጣው በ1994፣ ገና በሃያዎቹ ሳለ ነው። ካሽ በግጥሙ ውስጥ አንዱን የስድብ ቃል ወደ እሾህ ቀየረ፣ ዘውዱም የእሾህ አክሊል ሆነ። የቀረው ግጥም ያው ነው፤ ግን የወጣት ተስፋ መቁረጥ የነበረው የዕድሜ ሒሳብ መዝጊያ ይመስላል። በካናዳ ላንግሌይ ደግሞ በ1976 እና በ1977 የትምህርት ቤት ልጆች በስፖርት አዳራሽ ውስጥ የዴቪድ ቦዊን «ስፔስ ኦዲቲ» ጨምሮ የዘመኑን ዘፈኖች ቀርጸዋል። ድምፃቸው ከኖታው ይስታል፣ ከበሮውም ይዘገያል፤ ግን በጠፈር ውስጥ ብቻውን የቀረው ሰው ታሪክ በልጆች አንደበት እንደዚያ የሚያስፈራ መሆኑን ሌላ ቅጂ አላሳየም።

መቀነስም መቀየር ነው። ካት ፓወር በ2000 የሮሊንግ ስቶንስን «ሳቲስፋክሽን» አዝማቹን ጨርሳ አስቀርታ ሠርታዋለች። የሚታወቀው ሐረግ ሲወጣ ቦታው ላይ ሌላ ክብደት ያለው ነገር፣ ዝምታም ቢሆን፣ መግባት አለበት፤ ያለዚያ አድማጩ የጎደለውን ሲጠብቅ ዘፈኑ ያልቃል።

አንዳንድ ከቨር ራሱ ምንጭ ይሆናል። ሊዮናርድ ኮኸን በ1984 ያወጣውን «ሃሌሉያ» ጆን ኬል በ1991 አንጓዎቹን መርጦ በፒያኖ ሠራው፤ ጄፍ በክሊ በ1994 የተነሣው ከኬል ቅጂ ነው።

በሕግ በኩል የአሜሪካው ሁኔታ በደንብ የተዘረዘረ ነው። ከ1909 ጀምሮ አንድ ዘፈን በባለመብቱ ፈቃድ በቅጂ ከወጣ ሌላው ሰው አስታውቆ በሕግ የተወሰነውን ክፍያ በመክፈል መቅረጽ ይችላል። የዛሬው ሕግ ቅንብሩን ለራስ ስልት ማስማማትን ይፈቅዳል፤ መሠረታዊውን ዜማ ወይም የሥራውን ዋና ጠባይ መለወጥን ግን አይፈቅድም። ግጥም መተርጎም ወይም አዲስ አንጓ መጨመር ስለዚህ የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ሕጉ በክፍያ የሚሰጠው ፈቃድ ለድምፅ ብቻ ነው፤ ከቨሩ ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር የሚወጣ ከሆነ ከዘፈኑ ባለመብት ጋር ለብቻ መዋዋል ያስፈልጋል።