ሳለሪ፦ የአንድ እንግሊዝኛ ቃል ሥር

ሳለሪ በእንግሊዝኛ ደመወዝ ነው። ቃሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከኖርማን ወረራ በኋላ በእንግሊዝ ይነገር ከነበረው ፈረንሳይኛ ገባ፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ ሳላሪዩም ከሚለው ላቲን ወስዶታል።

አፈታቱ ከመጨረሻው ይጀምራል። ኡም የግዑዝ ጾታ ምልክት ነው። አሪ ስምን ቅጽል የሚያደርግ ቅጥያ ሲሆን እንደ አማርኛው «የ» ያገለግላል። ሁለቱ ሲነሡ ሳል ይቀራል፤ ጨው ማለት ነው። ከሮም ወደ አድሪያቲክ ባሕር የሚወስደው ጥንታዊ መንገድም ቪያ ሳላሪያ፣ «የጨው መንገድ» ይባላል።

ቀጥሎ የድምፅ ለውጡ ይመረመራል። በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የላቲን አሪ በፈረንሳይኛ ኢዬ ይሆናል፤ ፕሪማሪየስ («የመጀመሪያ») ፕረሚዬ የሆነው እንዲህ ነው። ሳላሪዩም ግን ሳሊዬ ሳይሆን ሳሌር ሆኗል። ይህ ቃሉ በገበያ ሳይሆን በጸሐፍት ብዕር ከመዝገብ እንደተወሰደ ያሳያል። መዝገበ ቃላት ብቻ የሚያገላብጥ ሰው ይህን ውብ ማስረጃ ያልፈዋል።

አከራካሪው ትርጉሙ ነው። የሮም ወታደር በጨው ይከፈለው ነበር የሚለው ወሬ አሞሌ ሲገበያይ ለኖረ አገር ሕዝብ በቀላሉ ይዋጣል፤ ማስረጃው ግን ቀጭን ነው። በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሞተው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ «የተፈጥሮ ታሪክ» በተባለው ሥራው 31ኛ መጽሐፍ ቃሉን ከጨው ጋር ያያይዘዋል እንጂ ወታደር ጨው ተቀበለ አይልም። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ቃሉን የጻፈው ለአገረ ገዥ ለሚሰጥ ገንዘብ ነው። የወታደሩ መደበኛ ክፍያ ስቲፔንዲዩም ይባል ነበር። «የጨው መግዣ አበል» የሚለው ፍች ከኋለኞቹ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግምት አያልፍም።

መመሳሰል ያሳስታል። ሶልጀር፣ ማለትም ወታደር፣ ከሳል ሳይሆን ከሶሊዱስ የመጣ ነው፤ ሶሊዱስ ቆስጠንጢኖስ ከአንድ የሮም ፓውንድ ወርቅ 72 ሆኖ እንዲመታ ያደረገው ሳንቲም ነው። ሶልት የሚለው የእንግሊዝኛ «ጨው» እንኳ ከላቲን አልተወሰደም፤ ከጥንታዊው ጀርመናዊ ቋንቋ በቀጥታ የወረደ የሳል የአጎት ልጅ ነው።

የሳል እውነተኛ ልጆች ሳላድ (ሰላጣ) እና ሶስ (ማባያ) ናቸው። ሶስ ውስጥ የላቲኑ ምንጩ የሳልሳ «ል» የለችም፤ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ ከተነባቢ በፊት ስትመጣ ወደ «ኡ» ትለወጥ ነበርና። ጣልያንኛ ግን ጠብቋታል። በጣልያንኛ በኩል ወደ ጓዳችን የገባው የቲማቲም ሳልሳ፣ በላቲኑ ፍች «ጨው የገባበት» ነው።