የሁለት ደቂቃው ሪፖርት ምንድን ነው?

ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም፣ እሁድ ንጋት፣ ደብረ ማርቆስ። ሰዉ ነጠላውን አጣፍቶ ለአስተርእዮ ማርያም ይወጣል። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ጋቢ ተከናንበን አንድ ስልክ ላይ አፍጥጠናል። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ የእኛ ቡድን ሌከርስና ቦስተን 105 ለ 105 ናቸው። የቀረው ጥቂት ሰከንድ ነው። የእኛው ሌብሮን ጄምስ ሰንጥቆ ገባ። ኳሷን ወደ ቅርጫቱ ሲያነሳ የቦስተኑ ጄይሰን ቴተም ክንዱን መታው። ኳሷ ሳትገባ ቀረች። ፊሽካ የለም። ሌብሮን መሬት ላይ ተንበረከከ። የቡድን ጓደኛው ፓትሪክ ቤቨርሊ የፎቶ አንሺ ካሜራ ይዞ ምስሉን ለዳኛው ሊያሳይ ሄደ፤ ያተረፈው ቴክኒካል ፋውል፣ ማለትም የሥነ ምግባር ቅጣት ነው። በተጨማሪው ሰዓት ቦስተን 125 ለ 121 አሸነፈ።

ዳኞቹ ያኔውኑ መሳታቸውን አመኑ። በማግስቱ ደግሞ ኤንቢኤ ራሱ ስህተቱን በጽሑፍ አወጣው። የሁለት ደቂቃው ሪፖርት የሚባለው ይህ ጽሑፍ ነው።

ሪፖርቱ መውጣት የጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ለሁሉም ጨዋታ አይወጣም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ልዩነቱ 3 ነጥብ ወይም ከዚያ በታች የሆነበት ጨዋታ መሆን አለበት። መጀመሪያ ላይ መለኪያው 5 ነጥብ ነበር። ባለሙያዎች ቪዲዮውን እየመለሱ ያያሉ። ለእያንዳንዱ ወሳኝ ንክኪም ከአራት አንዱን ይጽፋሉ፦ በትክክል ተነፋ፣ በስህተት ተነፋ፣ በትክክል ታለፈ፣ በስህተት ታለፈ። የቴተም ምት «በስህተት ታለፈ» ነው። ከጎኑ ቪዲዮው ስለሚያያዝ ማንም ከፍቶ ራሱ መፍረድ ይችላል። የሚወጣው በእኛ ሰዓት እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ ጠዋት ቡና ላይ ክርክሩ ሲጀመር ሰነዱ ደርሷል ማለት ነው።

ታዲያ እዚያው ለምን አልታረመም? ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሰልጣኝ «ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ግን መጠየቅ የሚችለው ስለተነፋ ፊሽካ ነው። ያን ንጋት የተነፋ ነገር አልነበረም። ዝምታ ደግሞ ይግባኝ አይባልበትም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ነገሩን ለአባቴ አስረዳሁት። በሰፈር ሽምግልና ብዙ የተቀመጠ ሰው ነው። እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ፣

«እና ተበድላችኋል ካሉ ፍርዱ ተገለበጠ?» አለኝ።

«አይ፣ ውጤቱ አይቀየርም።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኛ!»

እውነቱን ነው፤ ሪፖርቱ ነጥብ አይመልስም። ሌላም ጉድለት አለው። ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው፤ በመጀመሪያው ሩብ የታለፈ ፋውልም ያው ነጥብ ያስከፍላል፣ ግን ማንም አይጽፈውም። ያኔ የጎልደን ስቴት ተጫዋች የነበረው ኬቨን ዱራንት ሳይቀር ተቃውሞታል። በ2016 የፈረንጆች ገና ጎልደን ስቴት በክሊቭላንድ 109 ለ 108 ሲሸነፍ፣ ሪፖርቱ ዱራንት ላይ ፋውል ተሠርቶ ታልፏል አለ። የተበደለው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ዳኞቹን እንዲህ አደባባይ ላይ ማስጣት ልክ አይደለም ብሎ ተከራከረላቸው። በዚህ ዱራንትን አከብረዋለሁ።

እኔ ግን ሪፖርቱ ይቅር አልልም። ቲም ዶናሂ የተባለው ዳኛ ራሱ በሚያጫውታቸው ጨዋታዎች ላይ ሲወራረድ እንደነበር በ2007 እ.ኤ.አ. ከታወቀ በኋላ፣ በእያንዳንዱ የታለፈ ፋውል «ተገዝተዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሪፖርቱ የጠፋውን ነገር ልኩን ይነግርሃል። ያን ንጋት የጠፋው አንድ ፊሽካ ነው፤ ምናልባትም አንድ ጨዋታ።

አንድ ጨዋታ ደግሞ ቀላል አይደለም። ሌከርስ ያን ዓመት 43 አሸንፎ፣ 39 ተሸንፎ በምዕራቡ ምድብ 7ኛ ወጣ፤ በቀጥታ የሚያልፉት ደግሞ እስከ 6ኛ ያሉት ናቸው። 5ኛና 6ኛ የነበሩት ክሊፐርስና ጎልደን ስቴት ያሸነፉት 44 ነው። ያቺ አንዲት ድል ብትጨመር ሦስቱ እኩል ነበሩ፤ የማጣሪያውን ጨዋታ ሳንጫወት የማለፍ ዕድልም ይኖረን ነበር። እዚህ ላይ ተበድለናል፣ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ጓደኛዬ ግን «ዋንጫችንን ነው የቀሙን» ይላል። እዚህ ላይ አልከተለውም። ማጣሪያውን አልፈን፣ ሜምፊስን 4 ለ 2፣ ጎልደን ስቴትን 4 ለ 2 ጥለን የምዕራቡ ፍጻሜ ደረስን። እዚያ ዴንቨር 4 ለ 0 ሸኘን፣ ዋንጫውንም እሱ ወሰደ።