ስምንተኛው ቀን ሲያልፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ዓቢይ ጾም ጀርመን ከምትኖር አንዲት እኅታችን ስልክ ደረሰኝ። ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነው። ልጁ ያለ ጊዜው ስለ መጣ 2 ኪሎ አልሞላም፤ ቢጫ ሆኗል ተብሎም ሆስፒታል መብራት ሥር ተኝቷል። ሊያርሷት ከጎንደር የሄዱት እናቷ የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን ከሻንጣ እንኳ ሳያወጡ "ስምንተኛው ቀን ሳያልፍ ይገረዝ እንጂ፤ ሳይገረዝ እንዴት ክርስትና ይነሳል?" ይላሉ። ሐኪሙ ደግሞ "አሁን አይነካም" ብሏል። "ጋሼ፣ ቀኑ ቢያልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል?" አለችኝ።

"አይሆንብሽም" አልኋት። ለምን እንዳልኋት በስልክ ስላላለቀ እዚህ ልጨርሰው።

እግዚአብሔር ለአብርሃም በስምንተኛው ቀን እንዲገርዝ ያዘዘው የቃል ኪዳን ምልክት አድርጎ ነው (ዘፍ. 17)። ጌታችንም ያንን ሕግ ሊፈጽም በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፤ ጥር 6 ቀን ግዝረትን የምናከብረው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው ወደ ሐዋርያት መጣ፤ ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ? በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ይህን ቀንበር አንጭንም አሉ (የሐዋ. 15)።

አሁን የቅዱስ ጳውሎስን ሥራ ተመልከቱ። ያንኑ ውሳኔ ይዞ በየከተማው እያደረሰ ሳለ ጢሞቴዎስን ወስዶ ገረዘው (የሐዋ. 16፥3)። ቲቶን ግን አላስገረዘም (ገላ. 2፥3)። አንድ ሐዋርያ፣ ሁለት ደቀ መዛሙርት፣ ሁለት መልስ! ልጅ ሳለሁ ይህ ግራ ያጋባኝ ነበር። የጢሞቴዎስ እናት አይሁዳዊት ናት፤ አባቱ ግሪካዊ መሆኑን የአገሩ አይሁድ ሁሉ ያውቃሉ። ሳይገረዝ ይዞት ቢሄድ ቃሉን ሳይሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ስለዚህ ለእነርሱ ብሎ ገረዘው። በቲቶ ጊዜ ግን የመጡት ግርዛትን እንደ ግዴታ የሚጭኑ ነበሩ፤ ለእነዚያ ለአንድ ሰዓት እንኳ አልተገዛም። ፍቅር ሲጠይቀው እሺ ያለው ሰው፣ የመዳን ዋጋ አድርገው ሲጠይቁት እንቢ አለ።

የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። "እንደ አይሁድ ትገረዛላችሁ" ተብለው ሲወቀሱ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የእምነት መግለጫ፣ የጳውሎስን ቃል እናውቃለን፣ ግርዛት ለእኛ እንደ ፊት መበጣት ያለ የአገር ልማድ ነው ብለው መለሱ። እንግዲህ እናቶቻችን ሲቆጡ በልማዱ ይቆጡ፤ ጥምቀቱን ግን አያስይዙብን። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ ካህኑ ስለ ምላጭ አይጠይቅም። ሴቷን ካነሣሁ አይቀር፦ በብዙ አካባቢያችን ሴቶቹንም በዚያው በስምንተኛው ቀን ይቆርጡ ነበር። ዘፍጥረት "ወንድ ሁሉ" ነው የሚለው፤ የሴቷ መቆረጥ መጽሐፍም ሐኪምም የማይደግፈው ጉዳት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 ይቀጣበታል።

አንዳንድ ሰባክያን "ሳይንስ ግርዛትን አረጋገጠልን" ሲሉ እሰማለሁ፤ አልወደውም። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ሦስት ጥናቶች ግርዛት ወንዱ ከሴት በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 ተቀበለው፤ በኋላ በተነደፈው መርሐ ግብር ከአገራችን ጋምቤላ ገብታበታለች። ግን ጥናቶቹ የተደረጉት በራሳቸው ፈቃድ በተገረዙ ጎልማሶች ላይ ነው። ለሕፃኑ የሚነሣው ጥቅም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መቀነሱ ነው፤ እሱም ቢሆን አንዱን ለማዳን መቶ ያህል ጤነኛ ሕፃናት መገረዝ አለባቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል፣ ሁሉም ይገረዝ ለማለት ግን አይበቃም አለ። የሆላንድ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ጭራሽ አይበረታታ ብሏል፤ ልጁ ሳይጠየቅ ለምን አካሉ ይቆረጣል ብለው ነው። ይህን ጥያቄ በስድብ የሚመልሱ ወገኖች አሉን፤ እኔ አልሰድበውም። ለመዳን ግድ አይደለም ብለን ካመንን፣ ከሁሉ በፊት ስለ ሕፃኑ ደኅንነት መጨነቅ ያለብን እኛ ነን። አይሁድ እንኳ፣ ሕጉ ግድ የሆነባቸው፣ ሕፃኑ ከታመመ ያቆያሉ፤ የሊቃውንቶቻቸው የሕግ ትርጓሜ በተሰበሰበበት በታልሙዳቸውም ሁለት ልጆች በግርዛት ደም ፈሷቸው የሞቱባት እናት ሦስተኛውን አታስገርዝ ተብሏል።

ያየሁትን ልንገራችሁ። የወንድሜ ልጅ የተገረዘው በእጃቸው በታመኑ ሽማግሌ ነው። ምላጩን በአረቄ ጠረጉት፤ በዚያው ምላጭ ጎረቤት ሁለት ሕፃናት ገርዘው ነበር የመጡት። እልል ተባለ፣ ቅቤ ተቀባ። ማታ እናቱ ጨርቁን ስትፈታ ደሙ እስከ ፍራሹ ወርዷል። ሌሊት በጋቢ ጠቅልለን ጤና ጣቢያ ሮጥን፤ ተረፈ። ሕፃን ሕመም አይሰማውም የሚል ሰው ያን ሌሊት ድምፁን ቢሰማው ኖሮ!

ስለዚህ የምታስገርዙ ወገኖቼ፦ ጤና ተቋም ውሰዱት፣ ማደንዘዣ ይሰጠው፣ በቤተሰብ ደም የማይቆምለት ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ። የሽንቱ ቀዳዳ ከጫፉ ሳይሆን ከሥር ከሆነ ፈጽሞ አታስነኩት፤ ያ ቆዳ በኋላ ለማስተካከያው ያስፈልጋል። ያላስገረዘውን ወንድማችሁን፣ ግርዛት በልማዱ የሌለውን የጋምቤላ ምእመን፣ ጎደሎ አድርጋችሁ አትዩት።

እኅታችን በመጨረሻ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻቸው። የጢሞቴዎስንና የቲቶን ነገር ዝም ብለው ሰሙኝ። ብዙ ቆይተው "እሺ ልጄ፣ ይቆይ" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዐርባው ግን አያልፍም አይደል?"

"ዐርባው አያልፍም፣ እማማ።"